«ሆዴን አመመኝ፣ ዛሬ አልሄድም»፦ ለአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ እናት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፈው ከደሴ ነው። ልጄ 17 ዓመቷ ነው፤ 12ኛ ክፍል ናት፣ የተፈጥሮ ሳይንስ። እስከ አምና ድረስ ከክፍሏ ከሦስተኛ ወርዳ አታውቅም። ዘንድሮ ግን ጠዋት ጠዋት ሆዴን ቁርጥ አደረገኝ ትላለች፣ ያቅለሸልሻታል። ጨጓራ ነው ተብሎ መድኃኒት ወሰደች፤ ለውጥ የለም። ሞዴል ፈተና ላይ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ጣቶቿ ደነዘዙ፣ ትንፋሽ አጠረኝ ብላ ወረቀቱን ጥላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ትቀራለች። ማታ ማታ ‹እማዬ፣ አልፋለሁ አይደል?› እያለች ታደርቀኛለች። አባቷ ‹እኛ በኩራዝ ተምረን እዚህ ደርሰናል፣ ስንፍና ነው› ይላል። አክስቷ ዓይነ ጥላ ነው፣ ጸበል ትግባ ትላለች። እኔ አትጨነቂ ስላት ትቆጣኛለች። ፈተናው ሁለት ወር ቀርቶታል። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከጻፉልኝ ሁሉ ይልቅ እኔን የያዘኝ አንድ ያልጻፉት ነገር ነው። ልጅዎ ወረቀቱን ጥላ ከወጣች በኋላ ምን ሆነች? ልገምት። ግቢው ውስጥ አንድ ጥግ ተቀመጠች፣ ትንሽ አለቀሰች፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ትንፋሿ ተመለሰ፣ ልቧ ረጋ። ቤት ስትደርስ ደግሞ ደህና ነበረች ማለት ይቻላል። አሁን የምንጣላው ከዚያች እፎይታ ጋር ነው።

እንዲህ ነው የሚሆነው። አእምሯችን ውስጥ አደጋ ሲያይ ደወል የሚደውል ክፍል አለ፤ አሚግዳላ ይባላል። ጅብም ይምጣ የፊዚክስ ወረቀት፣ ደወሉ አንድ ነው። አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ እግርና ወደ ክንድ ጡንቻ ይሄዳል፤ ሆዷ ቁርጥ የሚያደርጋት፣ ምግብ የሚዘጋት ለዚህ ነው። ትንፋሽ ሲፈጥን ከደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ይወጣል፤ ጣት የሚደነዝዘውና ራስ የሚዞረው ከዚያ ነው። ይህ ሁሉ ያስፈራል እንጂ አይገድልም። ፓኒክ አታክ የምንለው ድንገተኛ የፍርሃት ማዕበል ብዙውን ጊዜ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጣሪያው ላይ ደርሶ ከዚያ በራሱ ይወርዳል። ማንም ምንም ባያደርግለት ይወርዳል። ልጅዎ ግን ከመውረዱ በፊት ስለወጣች አንድ የተሳሳተ ትምህርት ተማረች፦ «ያዳነኝ መውጣቴ ነው።» በማግስቱ ደወሉ ትምህርት ቤት ገና ሳትደርስ፣ ቁርስ ላይ ይደወላል። ስትቀር ይረጋል፤ ሲረጋ መቅረት ትክክል ይመስላል። በሦስተኛው ሳምንት ደወሉ አልጋ ላይ ሆና ይደወላል።

ስለዚህ ስንፍና አይደለም። ሰነፍ ልጅ በቀረበት ቀን ደስ ይለዋል፤ የእርስዎ ልጅ በቀረችበት ቀን ታለቅሳለች ብዬ እገምታለሁ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልንገርዎ። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ልክ እንደ እርስዎ ልጅ የሆነ አንድ ወንድ ልጅ መጣ። አንጀቴን በላኝና «ትንሽ ይረፍ» ብዬ የሦስት ሳምንት የሕመም ፈቃድ ጻፍኩለት። ቤተሰቡ መረቁኝ። ልጁ ሦስቱ ሳምንት ሲያልቅ ወደ ክፍል መመለስ አቃተው፣ ያን ዓመት እንደቀረ ቀረ። ፈቃዱን የጻፍኩት ለልጁ ሳይሆን ለፍርሃቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለጭንቀት የዕረፍት ወረቀት ስጽፍ እጄን ይይዘኛል።

ወደ ሆዷ ልመለስ። እኛ አገር ሆድ ያመመው ሁሉ ጨጓራ ነው፤ ሐኪሞቹም ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከዚያው ነው፣ ጨጓራን የሚያሳምመው ባክቴሪያ በርግጥም በብዛት ስላለ አይፈረድብንም። መድኃኒቱን በሥርዓት ጨርሳ ካልተሻላት፣ ሕመሙ ሰኞ ጠዋት መጥቶ ቅዳሜ የሚጠፋ ከሆነ ግን የቀን መቁጠሪያ የሚያውቅ ጨጓራ የለም። ያም ሆኖ አንድ ጊዜ የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ ታድርግ። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሥራው ሲበዛ ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ያከሳል፤ ጭንቀት ይመስላል፣ ግን ሌላ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከደሴ ስለጻፉ ነው የምጠይቅዎ። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ከተማው ሲገባ ልጅዎ የ13 ዓመት ገደማ ልጅ ነበረች። የት ነበራችሁ? ምን አየች? እስከ ዛሬ በር ሲንኳኳ የምትበረግግ፣ ያየችው በሕልሟ የሚመላለስባት፣ ወይም ስለዚያ ጊዜ ወሬ ሲነሳ ተነስታ የምትወጣ ከሆነ ነገሩ የፈተና ጭንቀት ብቻ አይደለምና ከዚህ በታች ከምጽፈው በፊት ባለሙያ ፊት ትቅረብ። እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ እንቀጥል።

ፍርሃቷን አይናቁባት። የምትፈራው ነገር አለ። ከ2015 መጀመሪያ አንስቶ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው መፈተን ሲጀምሩ በመጀመሪያው ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። እርሷ እነዚህን ቁጥሮች ከእርስዎም ከእኔም በላይ ታውቃቸዋለች፤ ስልኳ ውስጥ ሞልተዋል። «ቀላል ነው፣ አትጨነቂ» ሲሏት የምትቆጣው ወይ አልገባዎትም፣ ወይ እየዋሿት ነው ብላ ነው። ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ እንጃ። ከ50 በታች ካመጡት ለተወሰኑት ሪሚዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት እንዳለ፣ በግል ዳግም የሚፈተንም እንዳለ ቁጭ ብላችሁ አንድ ቀን በግልጽ ተነጋገሩበት። አንድ ቀን ብቻ። በየቀኑ ካነሱት መውደቋን የሚጠብቁ ይመስላታል።

«አትጨነቂ» እና «አይዞሽ» አንድ አይደሉም። «አትጨነቂ» ትእዛዝ ነው፤ መፈጸም የማትችለው ትእዛዝ። «አይዞሽ» ውስጥ ግን «አለሁልሽ» አለ። ጠዋት «ሆዴን አመመኝ፣ ዛሬ አልሄድም» ስትልዎ «ምንም የለብሽም» አይበሏት፤ ሕመሙ እውነተኛ ነው። «እሺ በቃ ተኚ» ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። እንዲህ ይሞክሩት፦ «ሲያምሽ አየዋለሁ። ባለፈው ሳምንትም እንዲህ አሞሽ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ተሻለሽ። ዳቦዋን ቅመሽና እስከ በሩ አብረን እንሂድ።» ድምፅዎ ካልተንቀጠቀጠ ግማሹ ሥራ ተሠራ። የእናት ፊት ላይ ያለውን ሥጋት ልጅ ከመጽሐፍ ፈጥና ነው የምታነበው።

የማታው ጥያቄ ሌላው ወጥመድ ነው። «እማዬ፣ አልፋለሁ አይደል?» ትላለች፤ «ታልፊያለሽ» ይሏታል፤ አሥር ደቂቃ ትረጋለች፤ ከዚያ እንደገና ትጠይቃለች። መልስዎ እንደ ማስታገሻ ኪኒን ሆኗል፣ መጠኑም እየጨመረ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ እውነቱን ይንገሯት፦ «አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም። ብታልፊም ባታልፊም ይህ ቤት ቤትሽ ነው።» መጀመሪያ ማታ ታለቅስ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ስትጠይቅዎ «መልሴን ታውቂዋለሽ፣ ወደ ደብተርሽ» ይበሏት። ደብተሩ ምን መሰለዎት? ከእራት በኋላ ሩብ ሰዓት «የጭንቀት ሰዓት» ይሰጣታል፤ ያስጨነቃትን ሁሉ ትጽፋለች፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ይዘጋል። ቀን ላይ ሐሳብ ሲመጣባት «ማታ እጽፍሃለሁ» ትለዋለች። የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ግን ብዙ ልጆች ማታ ደብተሩን ሲከፍቱ ቀን ያንገበገባቸው ነገር ጠፍቶባቸው ሲስቁ አይቻለሁ።

አክስቷን በተመለከተ፣ ጸበሉን አልከለክልም። ቤተሰቡ የሚያምንበት ከሆነ ልጅቷም ከወደደች ቅዳሜና እሁድ ትሂድ፤ ጸሎት የሚያረጋጋውን ሰው መድኃኒት ቤት አልልከውም። ሁለት ነገር ግን አደራ። አንደኛ፣ ትምህርት አቋርጣ ለሱባዔ ሁለት ሳምንት ትግባ የሚባለው ያው መሸሽ ነው፤ እኔ ከጻፍኩት የሕመም ፈቃድ አይለይም። ሁለተኛ፣ «ዓይነ ጥላ አለብሽ» የሚለውን ቃል እርሷ ፊት ባይሉት እመርጣለሁ። የፈተና ወረቀት ሲሰጣት አንድ የማታዘው ነገር ተነስቶ ዓይኗን እንደሚጋርዳት ካመነች፣ ወረቀቱን ከማየቷ በፊት ጥላውን ትጠብቃለች። የምትጠብቀው ደግሞ ይመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። መጋፈጥ እንለዋለን፤ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የሚባለው፣ አስተሳሰብንና ልማድን እየቀየረ የሚያክመው የንግግር ሕክምና አንድ ትልቁ ክፍል ነው፤ ለልጆችና ለወጣቶች ጭንቀት በጥናት ከተደገፉት ሕክምናዎችም ዋናው ነው። አሠራሩን በአንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ላሳይዎ። ቢሮዬ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ልጁ ልቡ ሲመታ «ልሞት ነው» ብሎ ያምናል፣ ስለዚህ ስፖርት እንኳ ትቷል። ጃኬቴን አውልቄ «ና ውረድ» አልኩት። እስከ ምድር ቤት ወርደን በሩጫ ወጣን፣ ሁለቴ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ሳለከልክ እርሱ አንገቱ ላይ ሁለት ጣቱን አስቀምጦ የልብ ምቱን ቆጠረ፦ 150 ገደማ። «ፈተና ላይ እንዴት ነው?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ይኼው ነው» አለ። «አሁን ለምን አልፈራህም?» «ደረጃው መሆኑን ስለማውቅ።» እኔ አንድም ቃል አልጨመርኩም። በሳምንቱ ሲመጣ ብቻውን ሮጦ ወጥቶ ነበር።

ለልጅዎ የምሠራላት መሰላል ይህን ይመስላል፤ ከእርሷ ጋር ተቀምጣችሁ እናንተው አስተካክሉት። የመጀመሪያው እርከን ቅዳሜ ነው፤ ዩኒት ሊደሩን አስፈቅዳችሁ ጥላ የወጣችበት ክፍል ባዶውን ትግባ፤ ያቺው ዴስክ ላይ ትቀመጥ። ፍርሃቷን ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ትስጠው። ሰባት ካለች ወደ ሦስት ወይም አራት እስኪወርድ አትነሳም፤ ሃያ ደቂቃ ይፍጅ፣ አርባ ይፍጅ። እርስዎ ውጭ ከዘበኛው ጋር ወሬ ይያዙ። ሁለተኛው ቤት ውስጥ ነው፦ ከቀደሙት ዓመታት ፈተና አሥር ጥያቄ፣ ሰዓት ተይዞ። ሦስተኛው ያው አሥር ጥያቄ ነው፣ ግን አንድ ሰው ፈታኝ ሆኖ ከኋላዋ ይመላለሳል። አራተኛው ሙሉ ወረቀት፣ ጓደኛዋ ቤት። አምስተኛው ሙሉ ወረቀት ትምህርት ቤት፣ ከሌሎች ልጆች መሀል። የመጨረሻውን ብዙ ወላጅ ይረሳዋል፦ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አድሮ ከሆነ ልጅቷ ከቤት ውጭ ታድራለች፤ ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ ማታ «አልፋለሁ አይደል?» የምትላት እናት አጠገቧ የለችም። ያን ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ማየት የለባትም። ሁለት ሦስት ሌሊት ያለ ስልክ አክስቷ ቤት ትደር። አክስቷም ሥራ አገኘች ማለት ነው።

ወደ እያንዳንዱ እርከን ከመውጣቷ በፊት አንድ መስመር ትጻፍ፦ ምን ይሆናል ብዬ ነው የምፈራው? «ራሴን እስታለሁ» ልትል ትችላለች። ስትጨርስ ከሥሩ የሆነውን ትጻፍ። የሚፈውሰው ያ ንጽጽር ነው፤ የእኔም የእርስዎም ምክር ያን ያህል አይሠራም። አንዱን እርከን እስኪሰለቻት ትደጋግመው፤ መሰልቸት የፍርሃት ተቃራኒ ነው፣ ስታዛጋ ካዩ ወደ ቀጣዩ ያሳልፏት። የወደቀችበት ቀን ካለ ግማሽ እርከን ዝቅ ይበሉ እንጂ መሰላሉን አያንሱት።

ፈተናው መሀል ላይ አታኩ ቢመጣስ? እስክሪብቶውን ታስቀምጥ፣ ሁለት እግሯን መሬት ላይ ታሳርፍ፣ በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠረች ታስገባ፣ በአፍ እስከ ስድስት እየቆጠረች ታውጣ። ጥልቅ ትንፋሽ ሳይሆን ዝግ ያለ ትንፋሽ ነው የሚያስፈልገው፤ አብዝታ ብትስብ ድንዛዜው ይብሳል። እና ትጠብቅ። ከሁለት ሰዓት ፈተና አሥር ደቂቃ ቢሄድ ገና መቶ አሥር ደቂቃ ይቀራታል። አትውጣ ብቻ። ውኃ ልጠጣ፣ ሽንት ቤት ልሂድ የሚለውም በዚያች ሰዓት መውጫ በር መፈለግ ነው።

እንቅልፍና ቡና ላይ አጭር ልሁን። በእሷ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቡና እየጠጣች የምታጠና ከሆነ ጠዋት የሚንቀጠቀጠው እጅ ግማሹ የቡናው ነው። ቡና ከደም ውስጥ ግማሹ ለመውጣት ብቻ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ለወሎ ሰው ቡና አቁሙ እንደማልል ያውቃሉ፤ አቦሉን ጠዋት ትጠጣ፣ ቶናና በረካው ይቅርባት፣ ከሰዓት በኋላ ጭራሽ። ለማጥናት ብለው ጫት የሚጀምሩ ልጆችም አሉ፤ ንቁ ያደረጋቸው ይመስላቸዋል፣ ግን ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ምርቃናው ሲለቅ ደግሞ ጭንቀቱ እጥፍ ሆኖ ይጠብቃል።

ሐኪም ዘንድ የምትሄደው መቼ ነው? በእነዚህ ሁለት ሦስት ሳምንታት የምትቀርባቸው ቀናት ካልቀነሱ፣ ከከሳች፣ ከጓደኞቿ ጭራሽ ከተለየች፣ ወይም ትወደው የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላት። አዲስ አበባ አማኑኤል ድረስ መምጣት የለባችሁም፤ ስሙ ሲነሳ ቤተሰብ የሚደነግጠውን አውቃለሁ። እዚያው ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። መድኃኒት ካስፈለገ ሐኪሙ እንደ ፍሉኦክሰቲን ወይም ሰርትራሊን ያለ ሊያዝላት ይችላል፤ ለመሥራት ሳምንታት ይፈጃል፣ ስለዚህ የፈተናው ሳምንት ላይ አይጀመርም። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2004 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ለወጣቶች ማስጠንቀቂያ አስፍሯል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊጨምር ስለሚችል ክትትል ግድ ነው። ጎረቤት «ይቺን ግማሿን ስጫት» ብላ የምታመጣውን ዲያዜፓም የሚባል የማረጋጊያ ኪኒን ግን እጅዎ አይንካው። ያደነዝዛል፣ ያጠናችውን ያስረሳል፣ ሱስ ይሆናል።

ስለ ሞት ስታወራ ከሰሙ፣ «ባልኖር ይሻል ነበር» ካለች፣ በቀጥታ ይጠይቋት፦ «ራስሽን ለመጉዳት አስበሻል?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባትም፤ ኖሮባት ከሆነ ያስተነፍሳታል። ቤት ውስጥ ያለ መድኃኒትና የተባይ ማጥፊያ ሁሉ ይቆለፍበት፣ ብቻዋን አትተው፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዷት። ያኔ መሰላሉም ፈተናውም ይቆያል።

በኩራዝ ለተማረው አባቷ የሚሆን ሥራ አለኝ። ሦስተኛው እርከን ላይ ፈታኙ እርሱ ይሁን። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ከኋላዋ ይመላለስ፣ ወረቀቷን ትከሻዋ ላይ ዘንበል ብሎ ይይ፣ ሰዓቱን ይመልከት። አንድ ቃል አይናገር፤ ስትሳሳት ቢያይ እንኳ። ከባዱ ለልጅቷ ሳይሆን ለእርሱ እንደሚሆን ከወዲሁ ይንገሩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ የት እንደደረሰች ይጻፉልኝ፤ ሦስተኛው ላይ ቆማ ቀርታ ከሆነም ይጻፉልኝ፣ አብዛኞቹ የሚቆሙት እዚያው ነው።